የልብ ሕሙማንን ደቂቃ የሚቆጥረው የጋራ መዝገብ እንዳይቋረጥ ደግፉን

ሃርት አታክ የምንለው ድንገተኛ የልብ ሕመም ሕክምናው ከታወቀ ቆይቷል። ከ17 ሺህ በላይ ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመው አይሲስ 2 ጥናት አስፕሪንና የረጋ ደም የሚያሟሟው ስትሬፕቶካይኔዝ አብረው ሲሰጡ ሞትን በእጅጉ እንደሚቀንሱ አረጋግጧል። እንዲህም ሆኖ አንዱ አካባቢ የሚድነው ሕመምተኛ ሌላው አካባቢ ይሞታል። የበለጸጉትም አገሮች ቢሆኑ እኩል አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ንጽጽር በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት በስዊድን 7.6፣ በብሪታንያ 10.5 በመቶ እንደነበሩ አሳይቷል። ይህን ማወቅ የተቻለው ሁለቱም አገር አቀፍ መዝገብ ስለነበራቸው ነው።

ድጋፍ የምንጠይቀው ለእንዲህ ያለ መዝገብ ነው፦ ትልቁም ትንሹም ሆስፒታል በአንድ ዓይነት ቅጽ የሚሞላው።

ከሁሉ በላይ የምንከታተለው ሰዓትን ነው፤ ሕመሙ የጀመረበት፣ ሕመምተኛው በር የደረሰበት፣ የመጀመሪያው ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) የተነሳበት፣ መድኃኒት የተሰጠበት ወይም ሪፈር ተብሎ የወጣበት። ኢሲጂ ከደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለበት። የልብ የደም ሥር ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን ካሳየና በ120 ደቂቃ ውስጥ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) የሚከፍት ማዕከል መድረስ ከተቻለ ወደዚያ መላክ ይሻላል። ካልተቻለ፣ የሚከለክል ነገር እስከሌለ ድረስ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት እዚያው ተሰጥቶ፣ ውጤቱ ሳይጠበቅ ጉዞው ይጀመራል። ብዙ ቦታ ሕይወት የሚጠፋው እዚህ ውሳኔ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ እያለ ሕመምተኛው ሩቅ መንገድ ይላካል።

መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከሐኪሙ ችሎታ ማነስ አይመጣም። ካርድ ሳይወጣ ኢሲጂ አይነሳም ይባላል፤ ወረቀቱ ያልቃል፤ የደረት መለጠፊያው ደርቆ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ የቀኝና የግራ እጅ ገመድ ተቀያይሮ የተሳሳተ ምስል ይወጣል። በአማካይ ብቻ የሚመለከት ሪፖርት ይህን ይደብቃል። ደቂቃው በየደረጃው ሲጻፍ ግን የቱ ጋ እንደተጓተተ ወዲያው ይለያል፤ አንዳንዱን ለማረም ደግሞ አንድ የሥራ ቅደም ተከተል መቀየር ይበቃል።

መዝገቡ ራሱም ይሳሳታል። የኢሲጂው ሰዓትና የግድግዳው ሰዓት ካልተስማሙ መድኃኒቱ ከምርመራው በፊት የተሰጠ ይመስላል፤ ስለዚህ ሰዓቶቹ በየሳምንቱ ይስተካከላሉ። ሪፈር የተባለ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ ወይም ከሁለቱም ይጠፋል። ድንገተኛ ክፍል እንደደረሰ የሞተው ካልተጻፈ ደካማው ሆስፒታል ጎበዝ ሆኖ ይታያል፤ እኛ ከሁሉም የምንፈራው ይህን ነው። የሞት ቁጥር ሲወዳደርም ዕድሜ፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ክሬያቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) እና ሳንባ ውሃ መቋጠሩ ታሳቢ ካልተደረጉ፣ ከባድ ሕሙማን የሚቀበለው ሆስፒታል ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ጥቂት ሕሙማን ያሉትን ሆስፒታል በአንድ ወር ውጤት አንፈርድበትም፤ የሁለት ሰው ሞት ብቻ መቶኛውን ያዘልለዋል።

ገንዘቡ የሚውለው በዋናነት ለመዝጋቢ ባለሙያዎች ደመወዝ ነው። ሥራው ከነርሷ ሌላ ሥራ ላይ ተደርቦ ሲሰጥ ቅጹ ከቀናት በኋላ በትዝታ ይሞላል፣ ሰዓቶቹም ሁሉ በ5 እና በ0 የሚያልቁ ይሆናሉ። ቀጥሎ የኢሲጂ ወረቀትና መለጠፊያ ይመጣል፤ ለአንድ ምርመራ 10 መለጠፊያ ያስፈልጋል፣ ምርመራው ደግሞ ለአንድ ሰው ሊደጋገም ይችላል። የተረፈው ከቅጾቹ ጥቂቱን በዕጣ አውጥቶ ከሕመምተኛው ካርድ ጋር ለሚያመሳክር ቡድን ጉዞ ይሆናል።

ወጪው በየወሩ ስለሚመጣ፣ ትንሽም ብትሆን በየወሩ የምትሰጥ መዋጮ ከአንድ ጊዜ ትልቅ ስጦታ ይልቅ ትጠቅመናለች። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎችና የልብ ሐኪሞች በጊዜያችሁ ልታግዙን ትችላላችሁ። የኢሲጂ መሣሪያ ለመለገስ ያሰባችሁ ግን ከመላካችሁ በፊት ሞዴሉን አሳውቁን፤ ወረቀቱና ገመዱ ተቀባዩ ሆስፒታል ባለበት አካባቢ የማይገኝ ከሆነ አንቀበልም።