ስለ 4ኛው ጥያቄና ስለ ጅቡቲ፣ ለ7ኛ ክፍል ወላጆች

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ፈተና 4ኛው ጥያቄ «ጅቡቲ ከተማ በየትኛው ውሃ ዳር ትገኛለች?» ይል ነበር። አንድ ተማሪ «ታጁራ ባሕረ ሰላጤ» ብሎ መለሰ። እኛ «ቀይ ባሕር» ብለን ኤክስ አደረግንበት። ልጁ ልክ ነው። አባቱ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ናቸው፤ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤት ነው የሰማው። ነጥቡ ተስተካክሏል፣ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ነገሩ ግን አሳሰበኝ። ድሬዳዋ ተወልዶ ጅቡቲን የዘይትና የሩዝ ማራገፊያ ብቻ አድርጎ የሚያያት ልጅ ብዙ ነው። ሁለቱ ከተሞች እኮ እኩዮች ሊባሉ ምንም አይቀራቸው! ፈረንሳዮች ጅቡቲን መገንባት የጀመሩት በ1888 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። ቀድሞ የተቀመጡባት ኦቦክ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ናት፤ ለወደብ አልተመቸቻቸውም። ጅቡቲን ያሳደጋት ግን ባቡሩ ነው። ሥራው በ1897 ተጀመረ። ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ሲያስቸግር በቆላው ዞረና በ1902 እዚህ ደረሰ። የከተማችን ሰፈር ከዚራ የተወለደችው ያኔ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ዛሬም ጅቡቲ መሃል ምኒልክ አደባባይ የሚባል አለ፤ መንግሥት ከነጻነት ቀናቸው ጋር አያይዞ «27 ጁን» ቢለውም።

ጅቡቲ እርሻ የላትም ማለት ይቻላል። የምትኖረው በወደቡና ለውጭ ጦር ሰፈሮች በምታከራየው መሬት ነው። አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ ቻይና፣ ሁሉም ጎረቤታሞች ሆነዋል። የእኛ ዕቃ ከኤርትራ ጋር ከተደረገው የ1998ቱ ጦርነት በፊት በብዛት በአሰብ ይገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። ከእኛም ይሄዳል፦ መብራት፣ ውሃ፣ አትክልት። የአወዳይ ጫትም አለ። እሱን ክፍል ውስጥ በጥንቃቄ ነው የምናነሳው፣ ግን ንግድ ነው።

ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ስለ ጅቡቲ የጋራ ክፍለ ጊዜ አለን። ቤታችሁ የባቡር ጡረተኛ ካለ፣ ወይም እዚያ የኖሩ አያት ካሉ፣ እባካችሁ ይዛችሁልን ኑ። አሮጌ ትኬት፣ ፎቶ፣ ግመል ያለበት የፍራንክ ሳንቲም ቢገኝም ደስ ይለናል። አሳይተን እንመልሳለን። ወንበር አዘጋጅተናል፣ ቬንትሌተሩም ተጠግኗል።

ሹፌሩ አባትም ቃል ገብተውልናል፤ ጭነት ካልያዙ ይመጣሉ።

ከአክብሮት ጋር
ርእሰ መምህሩ