አንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ መክፈል

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፤

አያት የምኖር፣ ሜክሲኮ አካባቢ በልብስ ስፌት የምተዳደር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ለታክሲ እሰለፋለሁ። በቀጥታ የሚጭን ሲጠፋ መገናኛ ወርጄ እንደገና እሰለፋለሁ፤ እንደገናም እከፍላለሁ። ታሪፉ ተለጥፏል፤ መንገዱ ለሁለት ሲቆረጥ ግን ማን ይቆጣጠራል? ረዳቱን ብጠይቀው «እናቴ፣ ነዳጁን ጠይቂው» አለኝ። አልተቀየምኩትም። የነዳጅ ድጎማው በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ መነሳት ከጀመረ ወዲህ እርሱም እንደ እኔ ተመትቷል።

ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ የሩቁ ጉዞ 6 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት መቆማቸው ተነግሮናል።

የኮሪደር ልማቱ መብራት ያምራል፤ ልጄ እንኳን «ፎቶ አንሥተሽ አምጪልኝ» ትለኛለች። ነገር ግን ምሽት ላይ በዚያ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ከሚጎርፈው ሕዝብ ስንቱ ለሽርሽር የወጣ ይመስላችኋል? እኔ ወሩ ሲገባደድ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ በእግሬ ነው የምሄደው፣ ያውም መቀስና ጨርቅ ተሸክሜ።

ለአበባና ለመብራት ስንት፣ ለባቡር መለዋወጫ ስንት እንደተመደበ ጋዜጣችሁ ጠይቆ ያትምልን።

ልብስ ሰፊዋ፣ ከአያት