የሌላ ዩኒቨርሲቲ ኮርስ ለምን አይያዝም?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩትን ኮርስ በሌላው ማስያዝ በአገራችን ዛሬም እንደ ውለታ የሚለመን ጉዳይ ነው። የወንድሜ ልጅ በክረምት ቤተሰቡ ባለበት ከተማ ስታቲስቲክስ ወስዶ፣ ውጤቱን በታሸገ ፖስታ ይዞ ሬጅስትራር ሲቀርብ የኮርሱን ዝርዝር ይዘት አምጣ ተባለ፤ ሲያመጣ ደግሞ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «የክሬዲት ሰዓቱ ቢመሳሰልም ኮዱ የእኛ አይደለም» ብለው መለሱት። ለካ የሚማሩት ኮድ ኖሯል!

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተቋማት የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች በየሙያቸው ለአንድ ዓይነት አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይቀመጣሉ። መጨረሻው ላይ በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ ተቋማት መንገድ ላይ የማይተማመኑበት ምክንያት አይገባኝም። በቋንቋም በሥርዓትም የሚለያዩት የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የአንድ ዓመት ትምህርትን በ60 ክሬዲት ይለካሉ፤ ኢራስመስ በተባለው የአውሮፓ የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ተማሪም ሲመለስ እንዳይጉላላ፣ የሚወስዳቸውን ኮርሶች የሚዘረዝር ስምምነት እሱና ሁለቱ ተቋማት አስቀድመው ይፈርማሉ።

የእኛዎቹም ፈቃዱን አስቀድመው በጽሑፍ ይስጡ። ዲግሪውን የሚሰጠው ተቋም አብዛኛውን ትምህርት ራሱ ማስተማር ስላለበት በኮርሶቹ ብዛት ላይ ገደብ ቢጥሉ አልቃወምም፤ እምቢታቸውን ግን ተማሪው ከፍሎ ከመመዝገቡ በፊት ያሳውቁት።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ