የምኖርበት ሰፈር፦ ሻቲላ

ልጄ፣ እንዴት ነሽልኝ? ባለፈው በስልክ «እማዬ፣ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው እንዴ የምትኖሪው?» ብለሽ ስትደነግጪ ኔትወርኩ ተቆርጦ ሳላስረዳሽ ቀረሁ። አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

አዎ፣ ሻቲላ ካምፕ ነው። ግን ድንኳን የለም። ቤሩት ከተማ ውስጥ፣ በስተደቡብ፣ ትልቁ ስታዲየም አጠገብ ነው። ከማዳም ቤት ወጥቼ በራሴ መሥራት ስጀምር ኪራዩ የሚቀመሰው እዚህ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን፣ ባንግላዴሾች፣ ሶርያውያን ሞልተንበታል። የቤቱ ባለቤት ግን ፍልስጤማዊት ናቸው። ሀጃ ነው የምላቸው። የሰፈሩን ታሪክ ብዙውን ከእሳቸው ነው የሰማሁት፣ ሌላውን አንብቤ ነው።

ድንኳን ድሮ ነበር። በ1948 (ዓመቱን በፈረንጆች ነው የምጽፍልሽ) እስራኤል ስትመሠረት በነበረው ጦርነት ከ700,000 በላይ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ወደ 100,000 የሚሆኑት ሊባኖስ ገቡ። ከሰሜን ፍልስጤም መንደሮች የመጡትን ለማስጠለል ቀይ መስቀል በ1949 ሻቲላን አቋቋመ። አብዛኞቹ ገበሬዎች ነበሩ። ቶሎ እንመለሳለን ብለው በራቸውን ቆልፈው ቁልፉን ይዘው የወጡ ብዙ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታትም በ1948 መጨረሻ፣ መመለስ የሚፈልግ ይመለስ ብሎ ውሳኔ ቁጥር 194ን አሳለፈ። እስራኤል ግን አላስገባቻቸውም።

ሊባኖስም እንደ ጊዜያዊ እንግዳ ነበር የያዘቻቸው። የደኅንነት ሰዎች ካምፕ ውስጥ ቋሚ ጣራ መሥራት ይከለክሉ ነበር፤ ክረምት ከበጋ በቆርቆሮ ስር ማለት ነው። በ1969 የካይሮው ስምምነት ካምፖቹን ለፍልስጤማውያኑ አስተዳደር ከሰጠ በኋላ ነው በኮንክሪት እንደልባቸው መገንባት የጀመሩት።

አሁን ከባዱን ልንገርሽ። ልጅ አይደለሽም፣ ማወቅ አለብሽ።

በ1982 እስራኤል ሊባኖስን ወረረች። ቤሩት ተከበበች። በአሜሪካ አደራዳሪነት የፍልስጤም ታጣቂዎች ከከተማዋ እንዲወጡ፣ የሚቀሩት ሲቪሎች እንዳይነኩ ቃል ተገባ። ታጣቂዎቹ ወጡ። ሴፕቴምበር 14 ገና ሥልጣን ያልተረከበው የሊባኖስ ተመራጭ ፕሬዚዳንት ባሽር ጀማይል በቦምብ ተገደለ። ገዳዩ ሊባኖሳዊ ነበር፤ ቂሙ ግን ካምፑ ላይ ተወጣ። ከሴፕቴምበር 16 እስከ 18፣ በእኛ የ1975 አዲስ ዓመት በገባ በሳምንት ውስጥ፣ የጀማይል ወገን የሆኑት፣ ፋላንጅ የሚባሉት የሊባኖስ ክርስቲያን ሚሊሻዎች ሻቲላና ጎረቤቱ ሳብራ ገብተው ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ ሽማግሌውን ጨፈጨፉ። የእስራኤል ጦር አካባቢውን ከቦ፣ ማታ ማታ መብራት ወደ ሰማይ እየተኮሰ ያበራላቸው ነበር። የሟቹ ቁጥር እስከ ዛሬ እያከራከረ ነው፤ ከ700 እስከ 3,500 ይባላል። ድሃ ሊባኖሳውያንም አብረው አልቀዋል። ሀጃ ወንድማቸውን ያጡት ያኔ ነው፤ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ሦስት ዓረፍተ ነገር አይሞላም።

የእስራኤል መንግሥት ራሱ ያቋቋመው ኮሚሽን በ1983 መከላከያ ሚኒስትሩ አሪኤል ሻሮን በግል ኃላፊነት አለበት አለ። ከመከላከያ ሚኒስትርነቱ ለቀቀ፤ በ2001 ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ መጣ። በጭፍጨፋው ለፍርድ የቀረበ አንድም ሰው የለም። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

በዚህም አላበቃም። ከ1985 ጀምሮ አማል የሚባለው የሊባኖስ ሚሊሻ፣ ሶርያ ከጀርባው ሆና፣ ካምፑን ደጋግሞ ከበበው። ከበባው ወራት ሲፈጅ ሬሳ ይዞ ወደ መቃብር መውጣት ስላልተቻለ ሰዉ መስጊዱ ውስጥ ተቀበረ። እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። ካምፑ ፈራርሶ እንደገና ነው የተሠራው።

የዛሬውን ደግሞ እኔው እያየሁት ነው። ካምፑ ወደ ጎን መስፋት አይችልም፣ ስለዚህ ልጅ ሲያገባ ከአባቱ ፎቅ ላይ ሌላ ፎቅ ይጨመራል። መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ ፀሐይ አይገባውም። ከራሳችን በላይ የኤሌክትሪክ ገመድና የውኃ ቱቦ ተጠላልፎ ይንጠለጠላል፤ ዝናብ ሲዘንብ ሰው ይገድላል። የቧንቧው ውኃ ጨው ጨው ይላል። ኡንርዋ የሚባለው የተመድ ድርጅት ትምህርት ቤትና ክሊኒክ አለው። ግን ተምሮስ? ፍልስጤማዊ እዚህ ተወልዶ፣ እዚህ አድጎ፣ ሊባኖስ ውስጥ በሕክምና፣ በጥብቅና፣ በምህንድስና እንዳይሠራ ተከልክሏል። ከ2001 ወዲህ ቤትና መሬት በስሙ መግዛትም አይችልም። የሀጃ የመጨረሻ ልጅ ምህንድስና ተምሮ ቀለም ይቀባል።

እኔም እዚህ አገር ካፋላ በሚሉት፣ ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው ሥርዓት ምክንያት ያየሁትን አየሁ። በ2020 ማዳሞቻቸው ቤሩት ያለው ቆንስላችን በር ላይ የጣሏቸው እህቶቻችንም ከዓይኔ አይጠፉም። ግን ልጄ፣ እኔ ሲመረኝ ትኬት ቆርጬ እናንተ ጋ እመጣለሁ። ሀጃ የሚቆርጡት ትኬት የላቸውም። እሳቸው ስደተኛ፣ ልጃቸው ስደተኛ፣ የልጅ ልጃቸው ባለፈው ወር ተወለደ፣ እሱም ስደተኛ ተብሎ ተመዘገበ። ይሄ ለምን የዓለም ጉዳይ ሆኖ እንደማይቋጭ ይገርመኛል።

ስለዚህ ለእኔ አትፍሪ። ማታ ማታ አልወጣም፣ ጎረቤቶቼም ይጠብቁኛል፤ ባመመኝ ጊዜ ሾርባ ይዘው የመጡት ሀጃ ናቸው። አያትሽንም አረጋጊልኝ። በሚቀጥለው ስትደውዪ ሀጃን አቀርብልሻለሁ፣ ሰላም በያቸው። ስምሽን ያውቁታል።

እናትሽ