ለልጄ፣ ስለ ጡትሽ ሕመም

የተወደድሽ ልጄ፣

ትናንት ማታ በስልክ ጡትሽን እንደሚያምሽ ነግረሽኝ ወዲያው ጨዋታ የቀየርሽው ፈርተሽ እንደሆነ ገብቶኛል፤ የፈራሽውንም ነገር ስሙን ሳትጠሪው አውቄዋለሁ። የጎረቤታችንን ለቅሶ አብረን ደርሰናልና አልፈርድብሽም።

ሁለቱም ጡቶችሽ የሚከብዱሽ፣ ሕመሙም እስከ ብብትሽ ዘልቆ የወር አበባሽ ሊመጣ ሲል የሚብስና ሲመጣ የሚለቅሽ ከሆነ፣ ምክንያቱ በየወሩ ከፍና ዝቅ የሚሉት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች ናቸው፤ በአንቺ ዕድሜ ከሁሉም የተለመደው ይህ ነው። የወሊድ መከላከያ የጀመረች ወይም ያረገዘች ሴትንም እንዲሁ ሊያማት ይችላል፤ ይህን የምጽፍልሽ ልመረምርሽ ፈልጌ ሳይሆን ማወቅ ስላለብሽ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ሆኖ ሲጫኑት ወይም ክንድ ሲያነሱ የሚብሰው ሕመም ደግሞ ከጡቱ ሳይሆን ከሥሩ ካለው ጡንቻ ወይም ከጎድን አጥንት መጋጠሚያ ሊመጣ ይችላል። ውሃ በጠፋ ቁጥር ጀሪካን ተሸክመሽ ሦስተኛ ፎቅ እንደምትወጪ ስለማውቅ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህን ነው።

እኔ ክፉኛ የታመምኩት አንቺን በወለድኩ በሦስተኛው ሳምንት ነበር። ግራ ጡቴ ቀልቶና ጠጥሮ ትኩሳት ሲያንቀጠቅጠኝ፣ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ታሸልኝ፤ ማጥባቴንም እንዳቆም ተመከርኩ። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ነርስ ግን ወተት ሳይወጣ ሲጠራቀም ጡት እንደሚቆጣና ተህዋሲ ሲገባበት መግል እስከ መያዝ እንደሚደርስ አስረድታ፣ መድኃኒት ሰጥታ፣ በዚያው ጡት ማጥባቴን እንድቀጥል አዘዘችኝ። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ።

ጎረቤታችንን ግን ለሞት ያበቃት የካንሰር እብጠት አንድም ቀን አላመማትም ነበር፤ ስላላመማትም ከዓመት በላይ ዝም አለች። ልብ እንድትይልኝ የምፈልገው ይህን ነው፦ ሕመም ብቻውን የካንሰር ምልክት የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። አዲስ እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተነቋቆረ ቆዳ ካየሽ ግን፣ ምንም ባያምሽና ፈተና ላይ ብትሆኚም ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ያመመሽን ቀንና የወር አበባሽን ቀን ለሁለት ወር በደብተርሽ መዝግቢ፤ ሕመሙ ወሩን ሳይከተል አንድ ቦታ ላይ ከጸናም ተመርመሪ። የወር አበባሽ ካለፈ ከጥቂት ቀን በኋላ ጡትሽን በጣቶችሽ ዳሺውና፣ ያገኘሽውን እሑድ ስደውል ሳትደብቂ ንገሪኝ።

እናትሽ