እርሳስ ስታቀልጪ

ደብረ ማርቆስ

ለልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን አመም ያደርጋታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። ጤፉም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል።

የላክሽውን ፎቶ አየሁት። በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዘሽ ትስቂያለሽ። እናትሽ «ወንድ ጠፍቶ ነው?» አለች። ከዚያ ስልኬን ቀምታ ለጎረቤቱ ሁሉ ስታሳይ ዋለች። «የአባባ ውጅግራ ዓይነት ነው» ያልሽው ግን ልክ አይደለም። ውጅግራ በፈረንጅ 1874 የወጣ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። ስሙ ፉዚ ግራ ነው፤ እኛ አፍ ላይ ሲደርስ ውጅግራ ሆነ። እሱ ቀለህ አለው፣ ከኋላ ነው የሚጎርሰው። ያንቺው የእሱ አያት ነው።

አረሩን ራሴ ላፍስስ ካልሽ ደግሞ አባትሽን ስሚ። ባትሪ ቤት እርሳስ ሳቀልጥ 11 ዓመት ኖሬያለሁ።

የምትፈልጊው ንጹሕና ለስላሳ እርሳስ ነው። በጥፍርሽ ጫሪው፤ ምልክት ከተወ ጥሩ ነው። የድሮ ቤት ጣራ ላይ የሚለበጠው እርሳስ ይሆናል። ከመኪና ጎማ ላይ የሚነቀለው ሚዛን ግን ድብልቅ ስላለበት ይጠነክራል፣ አፈሙዙ ላይ ያስቸግርሻል። የባትሪ እርሳስማ አትንኪ። እኔ የነካሁት እንጀራዬ ስለነበረ ነው።

እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል። ለማፍሰስ ግን ከዚያ በላይ፣ ወደ 400 ገደማ መድረስ አለበት። ሲቀልጥ የአተር ያህል ሰም ጣል አድርጊና በብረት ጭልፋ አማስይው። ይጨሳል፣ አንዳንዴም እሳት ይይዛል፤ አትደንግጪ። አመድ የመሰለው ቆሻሻ ሲንሳፈፍ ግፈፊው። አረሩ ቅርጽ የሚይዝበትን ማፍሰሻ፣ ያንን እንደ ጉጠት እጀታ ያለውን፣ ውስጡን በጧፍ ጭስ አጥቁሪው። አረሩ ቶሎ ይለቃል።

የመጀመሪያዎቹ አስር ማሟሻ ናቸው። ማፍሰሻው ስላልሞቀ እንደ ደረቀ ሽምብራ ተጨማደው ይወጣሉ። ወደ ድስቱ መልሻቸው። ውርጭ የመታው መስለው ከወጡ ደግሞ በጣም ግሏል ማለት ነው፤ ትንሽ ታገሺ። ጥሩው አረር ብርማና ለስላሳ ነው።

ዓይን ግን ይታለላል። መዝኚያቸው። የጠመንጃሽ አፍ 12.7 ሚሊ ሜትር ከሆነ አረሩ 12.45 ቢሆን ይበቃል፣ የቀረውን የሚጠቀለልበት ጨርቅ ይሞላዋል፤ ንጹሕ ከሆነ 11.45 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከጓደኞቹ ቀለል ያለው ሆዱ ውስጥ ባዶ አለበት። ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ እሱንም መልሺው። ስታጎርሺ እርሳሱ በገባበት በኩል የሚቀረውን የጭራውን ምልክት ወደ ላይ፣ መሐል ላይ አድርጊ።

አሁን ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ አስታውሺ። ትንሽ ሳለሽ «ኮከብ ነው» ትይ ነበር። አንድ ክረምት ከደጅ የመጣ እርጥብ ቁራጭ ድስቱ ውስጥ ጣልኩ። ጧ! አለ። ውኃው ከእርሳሱ ሥር ገብቶ ባንዴ እንፋሎት ሲሆን መውጫ አጣ፤ እርሳሱን ሽቅብ ረጨው። ዓይኔን የሳተው በአንድ ጣት ነው። ስለዚህ ቁራጩን ሁሉ መጀመሪያ ከእሳቱ ዳር አሙቂና አድርቂ። ላብሽ እንኳ እንዳይንጠባጠብ። መነጽር፣ የቆዳ ጓንት፣ የተደፈነ ጫማ፣ የጥጥ ልብስ ይኑርሽ። ናይለን ልብስ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ሌላው የማይታየው ነው። ባትሪ ቤት ሳለን ጥቁር እጃችንን በጨርቅ ጠረግ አድርገን እንጎርስ ነበር። ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር። ቡዳ ነው ተባለ። ጠበል ተነከርኩ። በኋላ ሐኪም ደሜን ቢያስመረምረው እርሳስ ተገኘ። አለቃችን ያውቅ ነበር፤ አልነገረንም። ይህ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

ልጅሽ መዳህ ጀምሯል። መሬት ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። እርሳስ ለሕፃን «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባል ልክ አልተገኘለትም። ስለዚህ ቤት ውስጥ አይቅለጥ፤ ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ይሁን። የምግብ ድስት አትጠቀሚ። የለበስሽውን ለብቻ እጠቢ፣ እጅሽን በሳሙና ሳትታጠቢ ልጁን አታንሺው። ሁለተኛ ካረገዝሽ ደግሞ እስክትወልጂና ጡት እስክታስጥዪ ማፍሰሻውን ቆልፊበት። ከእናት ወደ ጽንሱ ያልፋልና።

ስታጎርሺ ለአረሩ መጠቅለያ የሚሆን ሦስት ክንድ አቡጀዲ ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ። አዲስ ስለሆነ መጀመሪያ እጠቢው፣ ከዚያ ሞራ ቀቢው። እናትሽ ሽሮና በርበሬ ጨምራበታለች። በርበሬውን ከእርሳሱ ጋር አንድ ጓዳ እንዳታስቀምጪ።

አባትሽ