ለልጄ፦ አጎትሽ ለምን «እንውጣ» እንዳለ ጠይቂው

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የግላስጎው ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ሰላም ብሎሻል፤ ወፍራሙን ካልሲ ልበሺ ይላል።

የምጽፍልሽ በስልክ ስላልሆነልን ነው። ገና ሳንጀምር እንጯጯሃለን። በገና ዕለት ከአጎትሽ ጋር የተባባላችሁት እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። በፈረንጅ 2016 ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ ተብሎ ሕዝቡ ሲጠየቅ «እንውጣ» ብሎ መምረጡን አንስተሽ፣ ሰው በተሰበሰበበት «የእኔን ዕድል ሸጠህ በላኸው» አልሽው። እሱ መልስ አልሰጠሽም። ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሲደውልልሽ እንደማታነሺለት ሰምቻለሁ።

መናደድሽ አይገርመኝም። እኔም «እንቆይ» ብዬ ነው የመረጥኩት። ነገም ቢጠይቁኝ ያንኑ ነው የምለው። የቀረብሽም ነገር ትንሽ አይደለም። በ2016 በዚህ አገር ፓስፖርት በሌሎች 27 አገሮች ቪዛ ሳይጠይቁ መኖርና መሥራት ይቻል ነበር። አንቺ ለሥራ ስትደርሺ ያ መብት የለም። አያቷ አይሪሽ የሆነች ጓደኛሽ የአየርላንድ ፓስፖርት አውጥታ በርሊን ትሄዳለች፤ አንቺ ፈቃድ ትለምኛለሽ። ያበሳጫል። ያኔ ልጅ ስለነበርሽ ማንም አልጠየቀሽም። ከ18 እስከ 24 ዓመት ካሉት አብዛኞቹ እንቆይ ሲሉ፣ ከ65 በላይ ካሉት አብዛኞቹ እንውጣ ነው ያሉት። ትልልቆቹ ወሰኑብን ብትዪ አልፈርድብሽም። ያልተዋጠልኝ ያንን ሁሉ ሒሳብ አጎትሽ ላይ መጫንሽ ነው።

እስኪ ስለዚያ ሰሞን ልንገርሽ። አንቺ አንደኛ ደረጃ ነበርሽ፤ ብዙውን አታስታውሺውም።

እኛ ሰፈር በየመስኮቱ የተለጠፈው «እንቆይ» ነበር። ለንደን ውስጥ ከአሥር ሰው ስድስቱ እንቆይ ብሏል። ሊንከንሻየር ውስጥ ቦስተን የምትባል ከተማ ግን ከአራት ሰው ሦስቱ እንውጣ አለ። ድምፅ ሊሰጥ ሳምንት ሲቀረው፣ ጁን 16 ቀን፣ ጆ ኮክስ የምትባል የፓርላማ አባል ዮርክሻየር ውስጥ የመረጧትን ሰዎች ልታነጋግር ስትሄድ መንገድ ላይ ተገደለች። የሁለት ትንንሽ ልጆች እናት ነበረች። የገደላት አክራሪ ቀኝ ዘመም ነው። በዚያው ቀን ጠዋት ከእንውጣ ዋና ቀስቃሾች አንዱ ናይጄል ፋራጅ አንድ ትልቅ ፖስተር አስመርቆ ነበር፤ በስሎቬኒያ ድንበር ላይ የተሰለፉ ስደተኞች ፎቶ። እኔም በስደት የመጣሁ ሰው ነኝ። ያንን ፎቶ ሳይ ራሴን ነው ሰልፉ ውስጥ የፈለግኩት። ስለዚህ ልጄ፣ ጥላቻ አልነበረም ልልሽ አይደለም። ነበር። ሁሉም ግን ያ አልነበረም።

ድምፅ በተሰጠ ማግስት፣ ውጤቱ በተነገረበት አርብ፣ የጠዋት ሺፍት ነበርኩ። ፖርቱጋላዊቷ የሥራ ባልደረባዬ የመድኃኒቱን ጋሪ ይዛ ኮሪደር ላይ ቆማለች። እዚያ የምንሠራበት ኬር ሆም፣ የአዛውንቶች መጦሪያው፣ ከእኔ በፊት የገባች ሴት ናት። «አሁን እንግዲህ ሂጂ ሊሉኝ ነው?» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም። ቀጥዬ አንዲት አሮጊት ላለብስ ገባሁ። እኚህ ሴትዮ በፖስታ መርጠው ነበር፤ እንውጣ ብለው። የሹራባቸውን ቁልፍ ስቆልፍላቸው እጄን ያዙና «አንቺን ማለቴ አይደለም» አሉኝ። ታዲያ ለምን እንደመረጡ ጠየቅኳቸው። ስለ ዓሣ ነገሩኝ። የግሪምስቢ ሰው ናቸው። ባላቸው ባሕር ላይ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። ወደቡ መርከብ ጠፍቶበት፣ ሰዉ ሥራ ፈቶ፣ ጎዳናው ሲዘጋ አይተዋል። እርግጥ ግሪምስቢን ክፉኛ የጎዳት በ1970ዎቹ አይስላንድ ባሕሯን መዝጋቷ ነው፤ የአውሮፓው የዓሣ ድልድል የመጣው በቁስሉ ላይ ነው። ለሴትዮዋ ግን ሁሉም አንድ ነገር ነበር፤ ሩቅ ያለ ሰው ወስኖባቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው 40 ዓመት አለፈ። በ2016 ጠየቋቸው። መለሱ።

አሁን ወደ አጎትሽ ልምጣ። ይህን እሱ አይነግርሽም፤ ስለ ችግሩ ማውራት አይወድም።

ያኔ ሚስቱ አዲስ አበባ ነበረች። እሱ ሌሊት ሌሊት ቢሮ ያጸዳል። ከ2012 ጀምሮ የእንግሊዝ ዜጋ ሚስቱን ከአውሮፓ ውጭ ለማምጣት በዓመት ቢያንስ 18,600 ፓውንድ ገቢ ማሳየት አለበት የሚል ደንብ ወጥቷል። በ2016 በዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ 15,000 እንኳ አይሞላም። አብሮት የሚያጸዳ አንድ ጣሊያናዊ ነበር። ያው ሥራ፣ ያው ደሞዝ። ሰውየው ብራዚላዊት ሚስቱን በጥቂት ወራት አመጣት። የአውሮፓ ሕግ በእሱ ላይ የገቢ ገደብ አልጣለበትም፤ ማመልከቻውም በነጻ ነው። አጎትሽ የዚህን አገር ፓስፖርት ይዞ ያቃተውን ጣሊያናዊው በጣሊያን ፓስፖርት ቻለ። «እትዬ፣ እኔ ለዚህ አገር ምኑ ነኝ?» አለኝ አንድ ቀን። እናታችን የሞተች ቀን እንኳ ፊቱ እንደዚያ አልጠቆረም።

በዚህ መሀል የእንውጣ ዘመቻ መሪዎቹ እነ ቦሪስ ጆንሰንና ማይክል ጎቭ መጡ። ከወጣን እንደ አውስትራሊያ በነጥብ የሚሠራ ሥርዓት እናመጣለን፣ ሰው ከየትም ይምጣ በእኩል ይመዘናል አሉ። አጎትሽ የሰማው ይህንን ነው። ከባንግላዴሽ ወጥ ሠሪ ማስመጣት ያቃታቸው የምግብ ቤት ባለቤቶችም ይህንኑ ሰምተው እንውጣ ብለዋል። እንግዲህ አጎትሽ ድምፁን የሰጠው አንቺን ሊጎዳ አይደለም። ሚስቱን ፈልጎ ነው።

ያሰበውን አገኘ? አላገኘም። ሚስቱ የመጣችው ሕጉ ስለተለወጠ ሳይሆን እሱ ቀን ቀን ሌላ ሥራ ጨምሮ ገቢውን ስላሟላ ነው። የገቢው ገደብ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ 29,000 ሆኗል። እኩልነቱስ መጣ፤ ለአጎትሽ ዓይነቱ በሩ ሰፍቶ ሳይሆን፣ አዲስ ለሚመጣው ጣሊያናዊም ጠብቦ። ያንን የዘመቻቸውን ቀይ አውቶቡስም አንርሳ። በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለአውሮፓ እንልካለን፣ ለመንግሥት ሕክምናው፣ ለኤን ኤች ኤስ እናድርገው የሚል ተጽፎበት አገር ዞረ። ከገንዘቡ አንዱ ክፍል ከመጀመሪያውም የማይላክ ነበር። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን ራሱ ቁጥሩ ያሳስታል ብሎ ተናግሯል። ንዴትሽን የምታወጪበት ቦታ ከፈለግሽ እዚያ አውጪው። ቃል የገቡት ሰዎች ስም አላቸው፤ ሥልጣንም አግኝተውበታል።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን የጥያቄው አጠያየቅ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ መቆየት ወይም መውጣት። ወጥቶ ወዴት? ከጋራ ገበያው ጭምር? ሰሜኑ ከእኛ ጋር ወጥቶ ደቡቡ አውሮፓ ውስጥ ሲቀር የአየርላንድ ድንበርስ? ስለ ድንበሩ ጆን ሜጀርና ቶኒ ብሌር፣ በፖለቲካ ተቃራኒ የሆኑ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ሁለት ሳምንት ሲቀር አብረው ሰሜን አየርላንድ ሄደው አስጠንቅቀዋል። ማን ይስማቸው። 17.4 ሚሊዮን ሰው እንውጣ አለ፣ 16.1 ሚሊዮን እንቆይ አለ። ከዚያ በኋላ ነው «መውጣት ማለት ምንድን ነው?» ተብሎ ጠብ የተጀመረው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ካሜሮን በማግስቱ እለቃለሁ አለ። እሱን የተካችው ቴሬዛ ሜይ ከአውሮፓ ጋር ተደራድራ ያመጣችው ስምምነት ጃንዋሪ 15 ቀን 2019 ፓርላማ ቀርቦ 432 ለ202 ወደቀ። የጣሉት እንቆይ የሚሉት ብቻ አይደሉም፤ አጥብቀው እንውጣ የሚሉትም አብረው ነው የጣሉት። አንድ ቃል የመረጠ ሕዝብ አሥር የተለያየ ነገር መርጦ ተገኘ። እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ድረስ ስንወጣ ስንቀር ከረምን።

ይህ ጠብ በሰው ቤት ምን እንዳደረገ የእኔን ጓደኛ ጠይቂያት፤ ከሆላንድ የመጣችውን። አበሻ ናት፤ ሆላንድ ዜግነት አግኝታ ልጆቿን በእንግሊዝኛ ላስተምር ብላ ለንደን የገባች። ሕዝበ ውሳኔው ላይ መምረጥ አልቻለችም። የናይጄሪያና የህንድ ዜጎች አገሮቻቸው የኮመንዌልዝ፣ በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ግዛቶች ማኅበር፣ አባል ስለሆኑ እዚህ እስከኖሩ ድረስ መምረጥ ይችሉ ነበር፤ የሆላንድ ዜጋ ግን አይችልም። ኋላ እዚህ ለመኖር እንደገና ፈቃድ አመልክቺ ተባለች። ማመልከቻው በስልክ ነው። ፓስፖርቱን የሚያነበው አፕ መጀመሪያ በአይፎን አይሠራም ነበርና የአባትሽን ስልክ ተውሳ፣ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ፓስፖርቷን ከስልኩ ጋር እያጣበቀች አመሸች። ፈቃዱ ሲመጣ ወረቀት የለውም። ኢንተርኔት ላይ ብቻ ነው ያለው። ስደተኛ መሆን ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እሷ ግን ከሱዳን ጀምሮ እያንዳንዷን ወረቀት በፕላስቲክ አቃፊ ይዛ የኖረች ሴት ናት። «ማኅተም የሌለው ነገር ምን ብዬ ልመን?» ብላ እንቅልፍ አጣች።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ይህንን እኔ ከእንግሊዞች አልተማርኩትም። ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች። በ1962 ፌዴሬሽኑ ፈረሰና በግድ ተጠቀለለች። 30 ዓመት ጦርነት ሆነ። በኤፕሪል 1993 ሕዝቡ ተጠየቀ፤ 99.8 በመቶው ነጻነት አለ። መብታቸው ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ ማንም ሊከለክላቸው አይገባም። ነገር ግን ድንበሩ የት ላይ ነው? የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ በ1997 ሲወጣ ንግዱ በምን ገንዘብ ይሆናል? ወደቡስ? እነዚህ በወጉ ሳይቋጩ ተንጠልጥለው ቀሩ። በ1998 ጦርነት መጣ። በሁለቱም በኩል ሰው ከኖረበት ቤት እየተነሳ ተባረረ። የአዲስ አበባና የአስመራ ስልክ እስከ 2018 ተቋርጦ ኖረ። አክስቴ አስመራ ነበረች። አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ለእኔ ይደውላል፣ እኔ ከለንደን ለአስመራ እደውላለሁ። የሠርግም የሞትም ወሬ በእኔ በኩል ነበር የሚያልፈው። እንግሊዝ ጦርነት ውስጥ አልገባችም፤ አላመሳስለውም። ግን ስለ መለያየት ሲወራ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከማግስቱ በኋላስ?» ብዬ ነው።

አሁን ደግሞ አንቺ ያለሽው ስኮትላንድ ነው። ስኮትላንድ ከብሪታኒያ ትውጣ ከሚሉት ጋር መሆንሽን በገና ነግረሽናል። ግላስጎው በ2014ቱ የስኮትላንድ ሕዝበ ውሳኔ እንውጣ ካሉት ጥቂት አካባቢዎች አንዷ ናት፤ በአጠቃላይ ስኮትላንድ ግን 55 ለ45 ቆየች። በ2016 ደግሞ 62 በመቶ ስኮትላንዳዊ ከአውሮፓ ጋር እንቆይ ብሎ፣ ሳይፈልግ ተይዞ ወጣ። ቅሬታቸው ይገባኛል። ያንቺን ሐሳብ ለማስቀየር አይደለም የምጽፈው፤ ሐሳብሽ ያንቺ ነው። ከ2014ቱ ድምፅ በፊት፣ በ2013፣ ኤዲንብራ ያለው የስኮትላንድ መንግሥት ነጻ ብንወጣ እንዲህ እናደርጋለን ብሎ ከ600 ገጽ በላይ ሰነድ አሳትሞ ነበር። ያም ሆኖ በምን ገንዘብ እንደሚገበያዩ ሲከራከሩ ነው የከረሙት። በ2016 ግን የለንደኑ መንግሥት ለመውጣት ያወጣው ዕቅድ አልነበረም። እንደገና ሕዝበ ውሳኔ ቢመጣና ብትመርጪ፣ ፓውንዱን፣ ጡረታውን፣ ከእንግሊዝ ጋር ያለውን ድንበር አስቀድመው እንዲጽፉልሽ አስገድጃቸው። ጽሑፉን አንብቢው። የማይስማማሽም ሰው ሲያጋጥምሽ ምን እንደጎደለው ጠይቂው፤ ለሴትዮዋ ዓሣ ነበር፣ ለአጎትሽ ሚስቱ። አብሮሽ የሚኖረው የኤዲንብራው ልጅም «እንቆይ» የሚልበት የራሱ ነገር ይኖረዋል።

ለፋሲካ ትመጫለሽ አይደል? ትኬቱን አሁን ከቆረጥሽው ይረክሳል፤ ገንዘቡን ልላክልሽ። አጎትሽም ከነሚስቱ እኛ ጋር ነው የሚፈስከው። ይህን እንደጻፍኩልሽ አያውቅም። ከዚያ በፊት ደውዪለት። እሑድ ከሰዓት ሥራ የለውም።

እናትሽ፣
ለንደን